ስለ ኒውክሌር አደጋና ስለ አገሮች የኃይል ፖሊሲ በስህተት የሚወሩ ነገሮች፣ እና እውነታው

መስከረም 2018 ላይ ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግስት የኒውክሌር ኩባንያ የሆነው ሮሳቶም ሞስኮ ውስጥ የኒውክሌር ማመንጫ የድርጊት መርሃ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ጉዳዩ የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል፣ ደስ ይላል፣ ግን ክርክሩ ሁሌ እዛው ነው የሚሽከረከረው። አንዱ "ቼርኖቤልን አላያችሁም ወይ" ይላል፣ ሌላው "ፈርተን ፈርተን ወደ ኋላ ቀረን" ይላል። ሁለቱም የሰው አገር ታሪክ ነው የሚጠቅሱት፣ ታሪኩ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ጎድሎ ነው የሚነገረው። እኔ ስለዚህ ነገር ሳነብ የገባኝ፣ አደጋ ብቻውን የአንድን አገር ፖሊሲ አይቀይርም፣ አደጋው ሲደርስ እዛ አገር ቀድሞ የነበረው እምነት፣ ጥርጣሬ፣ ገንዘብ፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ፣ እሱ ነው የሚወስነው። እስቲ በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

"ጀርመን ፉኩሺማን አይታ ደንግጣ በአንድ ሌሊት ዘጋች"

ከውጭ ሲታይ እንደዛ ነው የሚመስለው። ማርች 11፣ 2011 ጃፓን ውስጥ ባለው የፉኩሺማ ማመንጫ አደጋው ደረሰ፣ በሳምንት ውስጥ የያኔዋ የጀርመን መሪ ሜርክል ያረጁትን ሪአክተሮች (የኒውክሌር ኃይሉ የሚፈጠርባቸውን ምድጃዎች) አስቆሙ፣ ሰኔ ላይ ፓርላማው ሁሉም እስከ 2022 ይዘጋ ብሎ ወሰነ። ግን ነገሩ የጀመረው ገና 1975 ነው። ዊል በምትባል የደቡብ ምዕራብ ጀርመን መንደር ወይን የሚያለሙ ገበሬዎች "እዚህ ማመንጫ አይሰራም" ብለው የግንባታውን ቦታ ይዘው ቁጭ አሉ፣ ፖሊስ ቢያባርራቸው ተመልሰው መጡ፣ ማመንጫውም ሳይሰራ ቀረ። ከዛ 1986 ላይ ዩክሬን ውስጥ ከፈነዳው የቼርኖቤል ማመንጫ የመጣው ጨረር ያለበት ደመና በደቡብ ጀርመኗ ባቫሪያ ላይ ዘነበ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አሸዋ ላይ እንዳይጫወቱ ከለከሉ፣ ወተት መግዛት ተፈራ፣ ዛሬም እዛ ጫካ ውስጥ የሚታደን የዱር አሳማ ስጋ ሲዚየም (ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር) እየተለካ ነው ለገበያ የሚቀርበው። በዚህ ውስጥ ያደገ ትውልድ ነው 1998 ላይ አረንጓዴ ፓርቲን መንግስት ውስጥ ያስገባው፣ 2000 ላይ መንግስት ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማማ፣ 2002 ላይ ስምምነቱ ህግ ሆነ። ጀርመን ከኒውክሌር ለመውጣት የወሰነችው ከፉኩሺማ 9 ዓመት በፊት ነው ማለት ነው!

ሜርክል 2010 መጨረሻ ላይ የሪአክተሮቹን እድሜ አራዘሙ፣ ህዝቡ ተቆጣ፣ ጥቂት ወር ሳይቆይ ፉኩሺማ ደረሰ፣ ያውም ባደን ቩርተምበርግ ላይ ምርጫ ሊካሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ፓርቲያቸው 58 ዓመት ሙሉ የመራውን ክልል አጣ፣ አረንጓዴዎቹ ወሰዱት። ስለዚህ ሜርክል ያደረጉት ወደ ቀድሞው ህግ መመለስ ነው፣ ትንሽ አፍጥነው። የመጨረሻዎቹ ሶስት ሪአክተሮች የቆሙት ደሞ ኤፕሪል 15፣ 2023 ነው፣ የሩሲያ ጋዝ በመቋረጡ ጥቂት ወር ተራዝሞላቸው።

እኔ በበኩሌ ጀርመን የተሳሳተችው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ባይ ነኝ፣ የከሰል ጭስ በየዓመቱ ሰው እየገደለ ከሰሉን ቀድማ መዝጋት ነበረባት። ግን ተሳሳተች ማለትና በድንጋጤ ወሰነች ማለት ለየቅል ነው፣ አንድ ህዝብ 35 ዓመት የተሟገተበትን ነገር ድንጋጤ ማለት ልክ አይመስለኝም።

"የአሜሪካን ኒውክሌር የገደለው የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ነው"

አደጋው ማርች 28፣ 1979 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የደረሰ ነው፣ እንዴት እንደደረሰ ማወቁ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ግፊት የሚያስተነፍስ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግን "ዝጋ" የሚል ትዕዛዝ መላኩን ብቻ እንጂ ቫልቩ በርግጥ መዘጋቱን አያሳይም ነበር። ኦፕሬተሮቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ፣ ውሃው እየወጣ ሪአክተሩ ውሃ የሞላ መስሏቸው የድንገተኛ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት፣ የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ሰው አልሞተም። አገረ ገዥው እርጉዞችና ትንንሽ ልጆች አካባቢውን ቢለቁ ይሻላል ሲሉ ግን ወደ 140,000 የሚሆን ሰው ወጣ፣ ምክንያቱም ኩባንያው አንድ ነገር ሲናገር ባለስልጣኑ ሌላ ሲናገር ህዝቡ ማንን እንደሚያምን ጠፍቶበት ነበር።

ገበያው ግን ቀድሞ ታሞ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ትዕዛዝ እየደረቀ፣ የታዘዘውም እየተሰረዘ ነበር፣ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ የመብራት ፍላጎት እንደታሰበው አላደገም፣ የባንክ ወለድ ሰማይ ነካ፣ የግንባታው ወጪ ከእጥፍ በላይ እየሆነ መጣ። አደጋው እዛ ላይ አዲስ ደንብና ተጨማሪ ወጪ ጨመረበት። እዛው ግቢ ውስጥ ያለው አንደኛው ሪአክተር እኮ 1985 ላይ ወደ ስራ ተመልሶ እስከ 2019 መብራት ሲሰጥ ነበር፣ ያቆመውም የተፈጥሮ ጋዝ በጣም ስለረከሰና ስላላዋጣው ነው። 2024 ላይ ደሞ ማይክሮሶፍት ለዳታ ሴንተሮቹ ኃይሉን ለ20 ዓመት እገዛለሁ ብሎ ተዋዋለ፣ ሪአክተሩም ሊከፈት ነው ተባለ።

"ቼርኖቤል የደረሰባት ዩክሬን ኒውክሌርን እርግፍ አድርጋ ተወች"

አልተወችም። የቼርኖቤል 4ኛው ሪአክተር ኤፕሪል 1986 ላይ ፈነዳ፣ 3ኛው ግን ከጎኑ ሆኖ እስከ ዲሴምበር 2000 ሰርቷል። የዩክሬን ፓርላማ 1990 ላይ አዲስ ሪአክተር እንዳይሰራ አገደ፣ ሶቭየት ፈርሳ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት 1993 ላይ እገዳውን አነሳ፣ ከጦርነቱ በፊት አገሪቱ ግማሽ ያህል መብራቷን ከኒውክሌር ነበር የምታገኘው።

የበለጠ የሚያሳዝነው የአርሜንያ ታሪክ ነው፣ እሱን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም። ዲሴምበር 1988 ስፒታክ ከተማን ያወደመ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፣ ሜትሳሞር የሚባለው ማመንጫ አልተጎዳም፣ ግን ቼርኖቤል ገና ትኩስ ስለነበር ህዝቡ ይዘጋልን አለ፣ 1989 ላይ ተዘጋ። ከዛ ጦርነት መጣ፣ ጎረቤቶች ድንበር ዘጉ፣ ጋዝ ተቋረጠ። ዬሬቫን ውስጥ በክረምት መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የሚመጣው፣ ሰው የመንገድ ዳር ዛፍ እየቆረጠ ቤቱን አሞቀ። 1995 ላይ ከሁለቱ ሪአክተሮች አንዱ እንደገና ተከፈተ። የህዝቡ ፍርሃት ጠፍቶ አይመስለኝም፣ ብርዱና ጨለማው ከፍርሃቱ በለጠ እንጂ። ለዚህ ነው የአደጋን ዜና ብቻ አይቶ አገሮች ምን እንደሚወስኑ መገመት የማይቻለው።

"ፉኩሺማ ላይ ጨረሩ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ"፣ ወይም በተቃራኒው "ፉኩሺማ ላይ ማንም አልተጎዳም"

ሁለቱም ስህተት ነው። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው የገደለውና ደብዛውን ያጠፋው የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው ነው። የጃፓን መንግስት በጨረር ምክንያት ሞተ ብሎ 2018 ላይ የተቀበለው አንድ ሰራተኛ ነው፣ በሳንባ ካንሰር። ግን ከ150,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፣ ፉኩሺማ ክልል ውስጥ ብቻ ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ ከ2,300 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል፣ አብዛኞቹ አዛውንቶች። ከሆስፒታል አልጋቸው ተነስተው በአውቶብስ ለሰዓታት ሲንከራተቱ መንገድ ላይ የሞቱ አሉ። እነዚህን ሰዎች ጨረር አልነካቸውም ብሎ ከቁጥር ማውጣት ግፍ ነው።

አደጋው ደሞ "የተፈጥሮ ቁጣ ነው፣ ምን ይደረግ" የሚባል አይደለም። የማመንጫው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ቴፕኮ ማመንጫውን የሰራው ከፍ ያለውን ኮረብታ ቆርጦ ወደ 10 ሜትር ካወረደው በኋላ ነው፣ ጀነሬተሮቹ አብዛኞቹ ምድር ቤት ነበሩ፣ 2008 ላይ የራሱ ግምት ከ15 ሜትር በላይ ማዕበል ሊመጣ ይችላል ብሎት ነበር፣ ዝም አለ። በሌላ በኩል ኦናጋዋ የሚባለው ማመንጫ ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ ይቀርባል፣ ሱናሚውም እዛ 13 ሜትር ያህል ነበር፣ ግን ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ የቶሆኩ ኤሌክትሪክ መሃንዲስ በጊዜው "በጣም በዛ" እየተባሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልሆነ ብለው ሙጭጭ በማለታቸው ማመንጫው ወደ 15 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር የተሰራው። ተረፈ። እንደውም ቤታቸው የተወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የማመንጫው ጂምናዚየም ውስጥ ነው የተጠለሉት።

"ህዝብ የሚቃወመው ስላልገባው ነው፣ ቢማር ይደግፋል"

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ከሰው ሁሉ በላይ የሚደጋግሙት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ጃፓኖች ስለ ኒውክሌር ከማንም በላይ የተነገራቸው ህዝብ ናቸው፣ ግን 2002 ላይ ቴፕኮ የምርመራ ሰነዶችን ሲያጭበረብር እንደነበር ተጋልጦ ፕሬዝዳንቱ ስልጣን ለቀዋል። ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ደሞ ኒውክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ስር ነበር፣ አስፋፊውም ተቆጣጣሪውም አንድ ቤት። 2012 ላይ የፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አደጋው ሰው ሰራሽ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚህ በኋላ የኒዪጋታ ክልል ሰው የዚሁ ኩባንያ ማመንጫ እንዳይከፈት ለዓመታት ቢቃወም አልገባውም ልንል ነው? በደንብ ገብቶታል እንጂ።

ደቡብ ኮሪያ የተለየ ነገር ሞከረች። 2017 ላይ ፕሬዝዳንት ሙን ጄ ኢን ሺን ኮሪ 5 እና 6 የተባሉትን ሪአክተሮች ግንባታ አስቁመው ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ለ471 ተራ ዜጎች ሰጡ። ለሳምንታት ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ሰሙ፣ ሰነድ አነበቡ፣ ጠየቁ። መጀመሪያ ላይ ከሲሶ በላይ የሚሆነው "ገና አልወሰንኩም" ያለ ነበር፣ መጨረሻ ላይ 59.5 በመቶው ግንባታው ይቀጥል አለ። "አያችሁ፣ ሲማሩ ደገፉ" የሚሉ አሉ፣ ግን እነዛው ሰዎች በዛው ድምፅ ከግማሽ በላይ ሆነው ወደፊት የአገሪቱ የኒውክሌር ድርሻ ይቀንስ ብለዋል። መንግስትም ውሳኔያቸውን አክብሮ ግንባታውን ቀጠለ፣ የተሸነፈውም ወገን በአብዛኛው ተቀበለ። ሰውን አክብሮ መጠየቅ ማለት ይሄ ነው።

"ህዝበ ውሳኔ ከተካሄደ ነገሩ አለቀ"

አንዳንዴ አዎ። ኦስትሪያ ዝቬንተንዶርፍ የሚባለውን ማመንጫ ሰርታ ጨርሳ፣ ኖቬምበር 1978 ላይ ህዝቡ በ50.47 በመቶ እምቢ አለ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰራ ቀረ። ልብ በሉ፣ ይሄ ከስሪ ማይል አይላንድም በፊት ነው፣ እዚህ ካነሳኋቸው አደጋዎች አንዱም ሳይደርስ። ስዊድን ግን 1980 ላይ ድምፅ ሰጥታ ፓርላማዋ እስከ 2010 ሁሉም ይዘጋል አለ፣ ዛሬም 6 ሪአክተር ይሰራል፣ አዲስም ልትሰራ እያሰበች ነው። ጣልያን በ1987 እና በ2011 ሁለቴ እምቢ ብላለች፣ ሁለቱም ከአደጋ በኋላ የተሰጡ ድምፆች ናቸው፣ እዛም አሁን ፖለቲከኞቹ ነገሩን እንደገና አንስተውታል።

"ይሄ የሀብታም አገሮች ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም"

ለዚህ ፊሊፒንስን ማየት ይበቃል። በፕሬዝዳንት ማርኮስ ዘመን ባታን የሚባል ቦታ ላይ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ማመንጫ ተሰራ፣ የሙስናው ወሬ ገና ሲጀመር ነው የተነሳው፣ ቦታው ለእሳተ ገሞራና ለመንቀጥቀጥ ቅርብ ነው የሚል ስጋት ነበር። ፌብሩዋሪ 1986 ማርኮስ ወደቁ፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ቼርኖቤል ፈነዳ፣ አዲሱ መንግስት ማመንጫውን ሳይከፍተው ተወው። አንድ አምፖል ሳያበራ ህዝቡ እዳውን እስከ 2007 ከፈለ። በአንፃሩ ኤምሬትስ ባራካ የሚባለውን ማመንጫ ግንባታ የጀመረችው ሀምሌ 2012 ነው፣ ከፉኩሺማ በኋላ፣ ዛሬ አራቱም ሪአክተሮች ይሰራሉ፣ አቡዳቢና ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን ከሚጠቀሙት መብራት ሩብ ያህሉ ከዛ ነው።

እኔ ኢትዮጵያ ኒውክሌር አያስፈልጋትም አልልም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከግድብ ነው፣ የህዳሴው ግድብ ተመርቆም ቢሆን ዝናብ ሲጠፋ የሚደግፍ ሌላ ምንጭ መፈለግ ተገቢ ነው። ግን ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥና ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ያየነው ቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቦታው የትኛው ይሁን፣ ጥናቱን ማን ያየዋል፣ ተቆጣጣሪው ከሚገነባው አካል ውጭ ነው ወይስ በስሩ፣ ያገለገለው ነዳጅ ወደ ሩሲያ ይመለሳል ወይስ እዚሁ ይቀራል የሚሉትን ጥያቄዎች ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት፣ አሁኑኑ፣ ጮክ ብለን ነው መጠየቅ ያለብን።