ኤሲሲኤ ለመፈተን ማን ይችላል? በቃሊቲና በአቃቂ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቃሊቲ ጀምሮ በአቃቂ አድርጎ እስከ ቱሉ ዲምቱና ገላን ድረስ ባሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ውስጥ ብዙ የሂሳብ ሠራተኛ አለ። ቫውቸር የሚያዘጋጁ፣ ፔሮል የሚሠሩ፣ ስቶር የሚቆጥሩ፣ በየወሩ ቫት የሚያስታውቁ፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሂሳብ ለመዝጋት ቢሮ የሚያመሹ ወጣቶች ናቸው። ሥራውን ያውቁታል። የኤሲሲኤ ፈተና ሲነሳ ግን አብዛኞቹ «እሱ የቦሌ ልጆች ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። እኔም በዚሁ መስመር የምሠራና የምኖር የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመመዝገብ ከሚያስቡ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ወረቀታቸውን አያለሁ። ከበሩ የሚመልሳቸው የአቅም ማነስ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የቆየ ወሬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው።

አስቀድሞ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ላይ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። 13 ፈተናዎች አሉት፤ በመጀመሪያው ደረጃ 3፣ በሁለተኛው 6፣ በመጨረሻው 4። አባል ለመሆን ከፈተናዎቹ በተጨማሪ የሙያ ሥነ ምግባር ሞጁል መጨረስና የ36 ወር የሥራ ልምድ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኛ አገር ፈላጊው የበዛው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ሁላችንም አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የምንለውን፣ መከተል ግዴታ ከሆነ ወዲህ ነው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ገቡበት፤ ሌሎቹም በየተራቸው ተከተሉ።

«ዲግሪ የሌለው ሰው መመዝገብ አይችልም»

ይችላል። የሂሳብ ዲግሪ ያለው በቀጥታ ወደ ዋናው ፕሮግራም ይገባል። በሌቭል 4 ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ ወይም 12ኛን ብቻ የጨረሰ ሰው ደግሞ ኤሲሲኤ ራሱ ባዘጋጀው የመሠረት ፕሮግራም በኩል ይጀምራል። ያኛው መግቢያ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። ከመዝገብ አያያዝ ይነሳና ቀስ በቀስ እስከ ዋናው ፕሮግራም የመጀመሪያ ደረጃ ያደርሳል። ረዘም ይላል፤ ግን መንገዱ ክፍት ነው። በፋብሪካ ስቶር ውስጥ ዓመታት የቆየች፣ ዴቢትና ክሬዲትን በተግባር የለመደች የሌቭል 4 ምሩቅ በዚህ በኩል ብትገባ መጀመሪያዎቹን ፈተናዎች አዲስ የዲግሪ ምሩቅ ከሚፈራቸው ያነሰ ትፈራቸዋለች ብዬ አምናለሁ።

«ዲግሪ ካለኝ 9ኙን ፈተና እዘላለሁ»

ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ኤግዘምፕሽን፣ ማለትም ቀደም ብሎ በተማሩት ትምህርት ምክንያት ከአንዳንድ ፈተናዎች ነፃ መሆን፣ ከፍተኛው 9 ነው እንጂ ለሁሉም 9 አይደለም። ስንት እንደሚሰጥ የሚወሰነው በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ፣ በትምህርት ክፍሉ፣ በተመረቁበት ዓመትና በወሰዷቸው ኮርሶች ነው። እኩል ጂፒኤ ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ ስለወጡ ብቻ የተለያየ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። የመጨረሻውን ደረጃ 4 ፈተናዎች ደግሞ በዲግሪ ማንም አይዘልም። ስለዚህ ጎረቤት ያገኘውን ቁጥር ይዞ ማቀድ አያዋጣም። በኤሲሲኤ ድረ ገጽ ላይ አገርና ዩኒቨርሲቲ መርጦ አስቀድሞ ማየት የሚያስችል ቦታ አለ፤ ከምዝገባ በፊት እሱን ማየት ነው።

ሌላው ያልተወራው ነገር ኤግዘምፕሽን በነፃ አለመሆኑ ነው። ለተዘለለው ለእያንዳንዱ ፈተና ይከፈላል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ አለ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመታት የተማርንባቸው መጻሕፍት በአሜሪካ የሂሳብ አያያዝ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተመረቀ ሰው የፋይናንስ ሪፖርት ፈተናውን ዘልሎ በቀጥታ ከመጨረሻው ደረጃ የቢዝነስ ሪፖርት ፈተና ጋር ሲጋፈጥ መሠረቱ ይጎድለዋል። የኩባንያዎች ቡድን ሂሳብ ማጠቃለል፣ ሊዝ፣ የገቢ አመዘጋገብ፣ ይህ ሁሉ ታውቋል ተብሎ ነው የላይኛው ፈተና የሚጀምረው። ኤግዘምፕሽን መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ትቶት መፈተን ይቻላል። ሌላውን ዝለሉ፣ የፋይናንስ ሪፖርቱንና የኦዲቱን ግን ብትፈተኗቸው ይሻላችኋል የሚል ምክር ለሁሉም እሰጣለሁ። አንድ ፈተና ለመቆጠብ ብሎ ላይኛው ላይ ደጋግሞ መውደቅ በገንዘብም በሞራልም ይብሳል።

«የመውጫ ፈተና አልፌያለሁ፣ ሲኦሲም አለኝ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና፣ 50 ከመቶ የሚያሳልፈው፣ ዲግሪ ለማግኘት ነው። ሲኦሲ የቴክኒክና ሙያ ብቃት ምዘና ነው። አንዳቸውም የባለሙያ ማኅበር አባል አያደርጉም፤ የኤሲሲኤንም ፈተና አያስዘልሉም። ዲግሪው ነው የሚታየው።

«በማስተማሪያ ተቋም ካልሆነ ምዝገባ የለም»

ምዝገባው በቀጥታ በኤሲሲኤ ድረ ገጽ ላይ፣ በራስ ስም፣ በራስ ኢሜይል ነው የሚደረገው። የመታወቂያ ኮፒ፣ የትምህርት ማስረጃና ትራንስክሪፕት ስካን አድርጎ ማያያዝ ነው። ክፍል መግባት የራስ ምርጫ ነው፤ በግል አጥንቶ መፈተን ይፈቀዳል። ጥሩ አስተማሪ የሚጠቅም መሆኑን አልክድም፤ በተለይ በመጨረሻው ደረጃ። ነገር ግን ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ከሥራ በኋላ መሐል ከተማ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ሰዓት ያሰላ ሰው ቤቱ ሆኖ የሚያነብበትን መንገድ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ሌላ ሰው ፎርሙን ቢሞላላችሁ እንኳ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ የእናንተ ይሁን። ውጤት፣ የፈተና መግቢያ ወረቀት፣ የክፍያ ማስታወሻ፣ ሁሉም የሚመጣው በዚያ ነው። በሌላ ሰው ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ሰውየው ስልኩን የቀየረ ዕለት ችግር ይሆናል።

«ስም ነው፣ ፊደሉ ቢለያይ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ቅጹ መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ለይቶ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባል፣ ሌላው የአያቱን። በላዩ ላይ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል ከትራንስክሪፕቱ ይለያል፤ የትዕግሥትን ወይም የፀሐይን ስም ሁለት መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት አይጽፈውም። በፈተና ቀን መታወቂያው ላይ ያለውና መግቢያ ወረቀቱ ላይ ያለው ካልተመሳሰለ ከበር መመለስ አለ። ስለዚህ ለፈተና ይዛችሁት የምትሄዱትን መታወቂያ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ቅጹን ልክ እሱ ላይ እንዳለው ሙሉት። ትራንስክሪፕቱ የሚለይ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማስተካከያ ወይም ደብዳቤ ጠይቁ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተያዘውን ሳይቀይሩ የሚያስገቡ አሉ፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ሰዓቱም ሌላ ወጥመድ ነው፦ መግቢያ ወረቀቱ ጠዋት 9 ሰዓት ካለ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ሰው የጠዋቱን መንገድ ያውቀዋል፤ ፈተና ጣቢያውን ቀድሞ ባለ ቀን ሄዶ ማየት አይከፋም።

«ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፤ ካለፈኝ አለፈኝ»

የመጀመሪያው ደረጃ 3 ፈተናዎች ወቅት የላቸውም። ፈቃድ ያለው የኮምፒውተር ፈተና ጣቢያ ቦታ ሲኖረው ይወሰዳሉ፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በላይ ያሉት በአብዛኛው በዓመት 4 ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣሉ፤ ውጤታቸው ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ ምርጫ ያለው ጥያቄ ባዶ አይተው። የታችኞቹ ደረጃዎች የጊዜ ገደብ የላቸውም። የመጨረሻው ደረጃ ግን የመጀመሪያውን ፈተና ካለፉበት ጊዜ ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ ቀድሞ የታለፈው ይቃጠላል። ወልዶ፣ ሥራ ቀይሮ፣ ቤተሰብ ደግፎ ለሚማር ሰው ይህ በቂ ጊዜ ነው።

«ወጪው አንዴ ተከፍሎ ያልቃል»

አያልቅም። የምዝገባ፣ ዓመታዊ መዋጮ፣ የኤግዘምፕሽንና የየፈተናው ክፍያ አለ፤ ሁሉም በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ፓውንዱም አብሮ ወጣ። ከዚያ በፊት ከተፈተነ ሰው የሰማችሁትን የብር መጠን ይዛችሁ አታቅዱ። በፓውንድ ያለውን ዋጋ ውሰዱና በዕለቱ ምንዛሪ አስሉት።

ማዳን የሚቻልበት ቦታም አለ። ለፈተና በጊዜ የተመዘገበ ያነሰ ይከፍላል፤ በመጨረሻው ሰዓት የመጣ ብዙ ይከፍላል። ዓመታዊ መዋጮው የጃንዋሪ 1 ዕዳ ነው፤ ሲረሳ ከመዝገብ ያሰርዛል። የውጭ ምንዛሪ ክፍያውን በባንክ በኩል ማስኬድ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል የምዝገባው መዝጊያ ሳምንት ላይ አትጀምሩት። አሠሪዎቻችሁንም ጠይቁ፤ ፈተናውን ላለፈ ሠራተኛ ክፍያውን የሚመልሱ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም።

«የእንግሊዝ ታክስ አጥንቼ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያን ሕግ የሚጠይቅ የታክስ ፈተና የለም፤ እኛ አገር የሚወሰደው የእንግሊዙ ነው። እዚያ ቫት 20 ከመቶ ነው፣ እዚህ 15። የኩባንያ ትርፍ ግብሩ እዚያ በዋናው ምጣኔ 25፣ እዚህ 30። ቁጥሩን ለሥራ አትጠቀሙበትም። የሚቀረው አሠራሩ ነው፦ የሂሳብ ትርፍን ወደ ግብር ትርፍ መለወጥ፣ የማይፈቀድ ወጪን መለየት፣ የእርጅና ቅናሽን ለብቻ ማስላት። ይህ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ላይም በየዓመቱ የሚገጥማችሁ ሥራ ነው። የአገራችንን ሕግ ግን ለብቻው ማጥናት ግድ ነው፤ ኤሲሲኤ አይተካውም።

«ኦዲት ድርጅት ያልሠራ ሰው ልምዱ አይቆጠርለትም»

ይህ ወሬ ለፋብሪካ ሠራተኛ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው። 36ቱ ወር በየትኛውም ዘርፍ ባለ የሂሳብና ፋይናንስ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከፈተና በፊት የሠራችሁት፣ እየተፈተናችሁ ያለው፣ ከጨረሳችሁ በኋላ የምትሠሩት፣ ሁሉም ይደመራል። የሚጠየቀው የወሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ 9 የአፈጻጸም ግቦችም አሉ። ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሠራችሁ በራሳችሁ ቃል መጻፍ አለባችሁ። በምርት ፋብሪካ ውስጥ የአንድን ምርት ዋጋ ያወጣች፣ የበጀትና የክንውን ልዩነት ያብራራች፣ የኢንቬንቶሪ ቆጠራ የመራች ልጅ የምትጽፈው ሞልቷታል።

እውነተኛው ችግር ሌላ ቦታ ነው፦ የሚፈርመው ሰው። ግቦቹን የሚያጸድቀው የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አለበት። እዚህ አካባቢ ግን የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ የምስክር ወረቀቱ የሌለው ይሆናል። «ጋሼ፣ አለቃዬ ኤሲሲኤ አይደለም፤ ልምዴ ባክኖ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ብዙ ነው። አልባከነም። የቅርብ አለቃው የሠራበትን ጊዜ ያረጋግጣል። ግቦቹን ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ከውጭ ያለ ባለሙያ፣ ለምሳሌ የድርጅቱ ኦዲተር ወይም አማካሪ፣ ሊያይለት ይችላል። ይህን ሰው ፈልጎ ማነጋገር ፈተና ሲያልቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት ነው። ኦዲተሮቹ ሂሳብ ሊመረምሩ ወደ ፋብሪካችሁ ሲመጡ ቫውቸር አውጥቶ ከመስጠት ባለፈ ራሳችሁን አስተዋውቁ።

«13ቱን ካለፍኩ ኦዲት ሪፖርት ላይ እፈርማለሁ»

አትፈርሙም፤ ገና። ፈተናውን መጨረስ አንድ፣ ልምዱንና የሥነ ምግባር ሞጁሉን አሟልቶ አባል መሆን ሁለት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት ለመስጠት መፈቀድ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛውን የሚሰጠው በአዋጅ 847/2006 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ፈቃዱ ቀድሞ በፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በኩል ይሰጥ ስለነበር እስካሁን ወደዚያ የሚሄዱ አሉ። በቦርዱ ሳይመዘገቡ በኦዲተርነት መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የለንደን የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል ይህን አይለውጠውም። የድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሂሳብ መሥራት ለሚፈልግ ግን የኦዲተርነት ፈቃድ አያስፈልገውም። የትኛውን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑ። የራሳችሁን የኦዲት ቢሮ መክፈት ከሆነ ሐሳባችሁ የቦርዱን የምዝገባ መስፈርት ዛሬውኑ ከቦርዱ ወስዳችሁ አንብቡ፤ የመጨረሻው ደረጃ አማራጭ ፈተና ሲመረጥም የከፍተኛ ኦዲቱን ውሰዱ።