ኳንቲፌሮን ምንድን ነው?

አሜሪካ ሆኖ ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው የጤና ምርመራ ያደርጋል። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቲቢ ደም መስጠት አለበት። ለዚህ ከሚታዘዙት ምርመራዎች አንዱ ኳንቲፌሮን ነው።

ምርመራው ደም ውስጥ ባክቴሪያ አይፈልግም። የሚፈትነው ነጭ የደም ሕዋሶችን ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ሕዋሶች አንዴ የገጠማቸውን ተህዋስ ያስታውሳሉ። እንደገና ሲያገኙት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ላብራቶሪው የሚለካው ይህንን ፕሮቲን ነው።

ደሙ በ4 ቲዩቦች ይቀዳል፤ በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ። ሁለቱ ቲዩቦች የቲቢ ባክቴሪያን ፕሮቲኖች የሚመስሉ ቁርጥራጮች አሏቸው። ሦስተኛው ምንም ማነቃቂያ የለውም። ሕዋሶቹ ሳይነኩ የሚያመነጩት መጠን የሚታወቀው በእሱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ አራተኛው ነው። ከቲቢ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በውስጡ ያለው ከቀይ ቦሎቄ የሚገኝ፣ ቲ ሴሎችን ያለ ልዩነት የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ነው። ድሮ ተመራማሪዎች ቀይ የደም ሕዋሶችን አጣብቀው ከናሙናው ለማስወገድ ይጠቀሙበት ነበር። ነጮቹን እንዲባዙ እንደሚያደርግ በ1960 ያሳየው አሜሪካዊው ፒተር ኖውል ነው። በዚህ ቲዩብ ውስጥ እንኳ ሕዋሶቹ ዝም ካሉ፣ የቲቢዎቹ ቲዩቦች ዝምታ ምንም አይነግረንም። ምናልባት የሰውየው በሽታ የመከላከል አቅም ተዳክሟል፤ ምናልባትም ናሙናው በአግባቡ አልተያዘም። ያኔ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ሳይሆን «መወሰን አልተቻለም» ይባላል።

ቲዩቦቹ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ልኬቱ ኤላይዛ በተባለ ዘዴ ይሠራል።

በሕፃንነቱ ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ መከላከያ ክትባት የወሰደ ሰው፣ ያ ማለት ኢትዮጵያ የተወለደ ብዙ ሰው፣ በቆዳ ላይ በሚደረገው የቲቢ ምርመራ ክንዱ ሊያብጥና ያለ ቲቢ ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። በኳንቲፌሮን ግን ክትባቱ ውጤቱን አያዛባም። የተመረጡት ፕሮቲኖች በክትባቱ ባክቴሪያ ውስጥ የሉምና።

ፖዘቲቭ ከሆነ አይደንግጡ። ምርመራው የተኛውን ቲቢ ከሚያሳምመው አይለይም፤ ያንን ለማወቅ የደረት ራጅና የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰውም ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ የታከሙበትን ወረቀት አይጣሉ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ይጠየቃሉ።