ለብዙ ቀበሌ አንድ ሁለተኛ ደረጃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከብዙ ቀበሌ ልጆችን ይቀበላል። ስለነዚህ ልጆች የሚባለው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«8ኛ ላይ ጎበዝ ነበር፤ 9ኛ ሲገባ ሰነፈ»

ብዙ ጊዜ የተለወጠው የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። በገጠር ቀበሌዎቹ እስከ 8ኛ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ9ኛ ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በፊዚክስ «ሁምና» (ኃይል፣ ጉልበት) ብሎ የተማረውን «ፎርስ» ሲሉት ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ይጠፋበታል። ክረምቱን ሙሉ ሰዋስው ማስጠናት እምብዛም አይፈይድም። የ8ኛውንና የ9ኛውን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ከየምዕራፉ 15 ወይም 20 ቃል እያዛመደ በደብተር ቢይዝ ይሻለዋል። ይህ መስከረም ላይ ካልተጀመረ ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ጋር ይጋጫል።

«ከተማ ቤት ከተከራየ ያጠናል»

መንገዱስ ይቀርለታል፤ 7 ኪሎ ሜትር በእግር ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ጭቃ ሲሆን ይብሳል። ተከራዩ ግን ውሃ ይቀዳል፣ ያበስላል፣ ዓርብ አገሩ ገብቶ እሁድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ረቡዕ ካለቀ ሐሙስን ከክፍል ይቀራል፤ መምህሩ ደግሞ «ቀሪ» ብሎ ከመመዝገብ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ 5 ራትና 5 ምሳ ቆጥሮ መስጠት ነው። የአንድ ቀበሌ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ቢከራዩ በተራ ያበስላሉ። ቤቱ ሲታይ ከኪራዩ ዋጋ በፊት መብራቱና ከውስጥ የሚቀረቀር በር መኖሩ ይታይ፤ ለሴት ልጅ በተለይ።

«ለቡና ለቀማ ጥቂት ቀን ቢቀር ምን አለበት?»

ቡና ባንዴ አይቀላም። የቀላውን እየመረጡ ደጋግመው ስለሚለቅሙት ጥቂት የተባለው ቀን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሳባል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ዋናው ጊዜ ደግሞ ይኸው ነው። ነጥቡ በየጊዜው በሚሰጥ ፈተናና የቤት ሥራ ስለሚጠራቀም ያመለጠው በማጠቃለያ ፈተና አይካካስም። ቅዳሜና እሁድ ይልቀም፤ ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነም ግማሽ ቀን አለው።

«10ኛ ላይ ማትሪክ ይውሰድና እናያለን»

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ማጣሪያው አሁን 12ኛ ላይ ነው፤ እሱም በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

«የሩቅ ቀበሌ ወላጅ ስብሰባ አይወድም»

ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ከተጠራ ማን ይመጣል? በገበያ ቀን ይጠራ፤ ያን ቀን ሁሉም ከተማ ነው።