«ፎጣውን ወረወረ»፦ የእንግሊዝኛው አባባል ትርጉምና አመጣጥ

አንድ ሰው ብዙ ከታገለ በኋላ ተስፋ ቆርጦ እጅ ሲሰጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፎጣውን ወረወረ» ይላሉ። አባባሉ የተወለደው በቦክስ መድረክ ነው። ቀድሞ ይወረወር የነበረው የተፋላሚዎቹ ፊት የሚታጠብበት ስፖንጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ የታተመ መዝገበ ቃላትም ስፖንጅ መወርወርን «እጅ መስጠት» ሲል ይፈታዋል። ፎጣው ስፖንጁን የተካው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው።

በቦክስ ግን ፎጣውን የሚወረውረው ቦክሰኛው አይደለም፤ ጥጉ ላይ የቆመው አሠልጣኝ ነው። ቦክሰኛው ዓይኑ አብጦ፣ ጉልበቱ እየከዳው እንኳ «አንድ ዙር ጨምሩልኝ» ይላል። የሚመጣውን አደጋ አስቀድሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጀርመናዊውን ማክስ ሽመሊንግን ገና በመጀመሪያው ዙር ደጋግሞ ሲጥለው፣ ከጀርመናዊው ጥግ ፎጣ ተወረወረ። ዳኛው ፎጣውን አንሥቶ መልሶ ወረወረው፤ ወዲያውም ፍልሚያውን ራሱ አስቆመ። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ጆ ፍሬዘር ከመሐመድ አሊ ጋር 14 ዙር ተፋልሞ ዓይኖቹ ሊደፈኑ ሲደርሱ፣ አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ለ15ኛው ዙር እንዳይነሣ ከለከለው። ፍሬዘር መቀጠል ይፈልግ ነበር። ያን ቀን ፎጣ አልተወረወረም፤ የውሳኔው መንፈስ ግን ያው ነው፤ ለእኔ ይህ ፍርሃት ሳይሆን ርኅራኄ ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ርኅራኄ ጠፍቷል። ሰው ለራሱ ፎጣ ይወረውራል፤ ሰሚውም ብዙ ጊዜ እንደ ድክመት ይቆጥርበታል። ዕዳው የከበደው ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ፣ ዕጩው ከምርጫው ሲወጣ፣ ተመራማሪው የዓመታት ሙከራውን ሲያቋርጥ ፎጣውን ወረወረ ይባላል። ፍርዱ ይከብደኛል፤ ከጥጉ ሆኖ «ይብቃህ» የሚለው ወዳጅ ያጣ ሰው ይህን ቃል ለራሱ ቢናገር ምን ያስነቅፈዋል?

አባባሉ በአሉታ ሲነገር ማበረታቻ ይሆናል፦ «ገና ነው፣ ፎጣውን አትወርውር»። ደግሞም በልብ ተስፋ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። ተስፋው ተሟጦ እየታገለ ያለ ሰው ፎጣውን አልወረወረም፤ ወረወረ ለመባል ትግሉን በይፋ ማቆም አለበት። ሳይጀምር ለተወ ሰውም አባባሉ አይነገርም፤ መጀመሪያ መድረኩ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።