ከሰልስት በፊት ወረቀት አይፈረም

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በድሮው ሰፈሬ ጡሩምባ ሲነፋ ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ማን የማን ዘመድ እንደሆነም ሁሉም ያውቅ ነበር። እዚህ የከተማው ዳር ላይ ግን በዕጣ ከየሰፈሩ የተሰበሰብን ነን፤ የአንዱ ብሎክ ሰው የሌላውን ብሎክ ሰው በቅጡ አያውቀውም። በዚህ የሚጠቀሙ አጭበርባሪዎች አሉ። በር የሚከፍቱላቸው ደግሞ እኛው ከልባችን የምንላቸው አባባሎች ናቸው።

«ለቅሶ ቤት የገባን ሰው ማነህ አይባልም»

አይባልም፣ እንዲባልም አልፈልግም። ለቀስተኛው ግን ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ፣ መኝታ ክፍሉ ይቆለፍ። ካርታውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የሟችን ስልክና መታወቂያ ከዘመድ አንድ የረጋ ሰው ይያዘው። ቀብር ሲኬድ ቤት የሚጠብቅ ሰው መመደብ የእድሩ ሥራ ነው። ያን ሰዓት ቤቱ ባዶ እንደሚሆን ሌባም ያውቃል።

«የሙት ዕዳ ካደረ ነፍሱ አታርፍም»

አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸውን በቀበሩ ማግስት አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ አለቀሰ። ቆየት ብሎ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለና፣ «እናቴ፣ አሁን ማንሳቴ ነውር ነው፤ ጋሼ 60 ሺህ ብር ወስደውብኝ ነበር። ሰው ሳይሰማ በመሃላችን እንጨርሰው» አላቸው። የባላቸው ስም እንዳይነሳ ብለው እህታቸው የላኩላቸውን ገንዘብ አውጥተው ሰጡት። ወረቀት አላሳየም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ኋላ ብናጠያይቅ ሰውየውን የሚያውቅ ጠፋ።

ያቺ «ሰው ሳይሰማ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። እውነተኛ አበዳሪ ሰው ቢሰማ ምን ይጎዳዋል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። የሟች ዕዳ የሚከፈለውም ሟች ከተወው ንብረት ነው፤ ወራሾቹ ከግል ኪሳቸው አውጥተው እንዲከፍሉ አይገደዱም። ስለዚህ ለጠያቂው «ሰነድህን ይዘህ ከሰልስት በኋላ ና፣ ሽማግሌ ባለበት እናየዋለን» ማለት ይበቃል። ይህ ሟችንም አያዋርድም፣ እውነተኛ አበዳሪንም አያስቀይምም። እስከዚያ «ዕዳውን አምኛለሁ» የሚል ነገር ላይ እንዳትፈርሙ።

«ሟች በቃላቸው ተናዘውልኛል»

ይህ የሚመጣው ቦታ ወይም ቤት ባለበት ነው። የቃል ኑዛዜ በሕግ አለ፤ ሞት የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። ግን የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አደራና ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታን ከመናገር አያልፍም። ቤት በዚህ መንገድ ለማንም አይተላለፍም።

«ውክልና አለኝ፣ እኔ ልጨርስላችሁ»

የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ያበቃል። የበለጠ የምፈራው ግን ኀዘንተኞች በድካም ላይ ሆነው ራሳቸው የሚሰጡትን አዲስ ውክልና ነው። «ፋይሉን ለማንቀሳቀስ ብቻ» ተብሎ የመጣው ወረቀት ውስጥ «የመሸጥ፣ የመለወጥ» የሚል ይኖርበታል። እንባችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ልጅ ወይም ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ወረዳው ላይ አስመዝግቡ። የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ከደላላ ቦርሳ አይወጣም።

«የሟችን ስምና መሥሪያ ቤት ካወቀ ከመሥሪያ ቤቱ ነው የደወለው»

ስሙን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የለጠፍነው እኛው ነን። ደዋዩ «የጡረታው ገንዘብ ተፈቅዷል፣ ማስፈጸሚያ 2 ሺህ ብር በቴሌብር ላኩ» ወይም «አሁን በመልእክት የገባላችሁን ቁጥር ንገሩኝ» ይላል። የተተኪ ጡረታ፣ ማለትም ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ጡረታ፣ ሰነድ ይዞ በአካል ቀርቦ የሚጠየቅ መብት ነው። የምስጢር ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም። በሟች ፎቶ እርዳታ የሚሰበስብ ካያችሁ የባንክ ሂሳቡ በማን ስም እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቁ።

«በኀዘን ላይ ተታለልኩ ማለት ውርደት ነው»

ጎረቤታችን አፍረው ለወራት ዝም አሉ። ሲነግሩን ያ ሰው ሌላ ብሎክ ድንኳን ውስጥም እንዲሁ አልቅሶ ኖሯል። ቶሎ ብንሰማ ኖሮ ለፖሊስም ለእድሮቹም መልኩን እንናገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንኳን በተተከለ ቁጥር የእድራችን ሊቀመንበር ይነሱና፣ «ከሟች ጋር ሒሳብ ያለው ኀዘንተኞቹን ሳያስቸግር ለጸሐፊው ያስመዝግብ» ይላሉ። እስካሁን ሁለት ሰዎች እኔ ዘንድ መጥተው አስመዝግበዋል። ሁለቱም ወረቀት ነበራቸው፤ ቤተሰቦቹም ከአርባው በፊት ከፍለዋቸዋል።