በዕፅ ምክንያት የአእምሮ መቃወስና የግድያ ወንጀል፦ ከሐዋሳ ሲታይ

ሐዋሳ ለጫት ቅርብ ናት። ወንዶ ገነት አጠገቧ ነው፤ የወንዶ ጫትም በየሰፈሩ ይሸጣል። ጫት በአገራችን አልተከለከለም። ካናቢስ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣል።

የጫት ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። አብዛኛው ቃሚ መርቅኖ፣ ማታ ምርቃናውን በጨብሲ (በመጠጥ) ሰብሮ፣ ቢከፋ ዱካክ የሚባለው ቅዠት ተጫጭኖት ያድራል። ጥቂቱ ግን በዚህ አያበቃም። ሳይተኛና ሳይበላ ሲቅም የሰነበተ ሰው ድምፅ መስማት ሊጀምር ይችላል። ጎረቤቱ ሊመርዘው ያሰበ ይመስለዋል። ሐኪሞች ይህን በዕፅ የመጣ ሳይኮሲስ ይሉታል። መቃሙ ሲቆም ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል። ካልለቀቀ ሌላ የአእምሮ ሕመም ይጠረጠራል።

እንበልና እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤቱን በቢላ ወግቶ ገደለ። ዘመድ አዝማድ «ራሱን ስቶ ነው እንጂ አስቦበት አይደለም» ይላል። እኔ ግን አስቦበታል እላለሁ። ደረቱን መርጦ ነው የወጋው፤ እንዲሞትለትም ፈልጓል። የታጣው ማመዛዘኑ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ሐሳብ ከሚናገረው አንቀጽ 58 ይልቅ ስለ ኃላፊነት በሚናገረው አንቀጽ 48 ላይ ይወድቃል። በዚያች ሰዓት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት ያውቅ ነበር? ቢያውቅስ ራሱን መግታት ይችል ነበር?

አያውቅም ቢባል እንኳ ነገሩ አላለቀም። አንቀጽ 50 ደግሞ «እዚያ ሁኔታ ውስጥ ማን ከተተህ?» ብሎ ይመጣል። ለመግደል ቆርጦ፣ ለዚያው ሲል ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ ራሱን የሳተ ሰው ምንም ምሕረት የለውም፤ ነፃ አይወጣም፣ በዚህ ሰበብ ቅጣቱም አይቀልለትም። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከባዱ የዕድሜ ልክ ወይም የሞት ቅጣት አለው። ለመግደል ሳያስብ፣ ግን አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በራሱ ጥፋት ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ በቸልተኝነት ይጠየቃል። በቸልተኝነት መግደል በተለመደው መልኩ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

በዚህ የተነሳ የሰውየው የቀድሞ ታሪክ ትልቅ ቦታ ይይዛል። ከዚህ በፊት ቅሞ ታሞ፣ ሐኪም «ተው» ብሎት ከነበረ «ይህ ይደርስብኛል ብዬ አላሰብኩም» ማለት ይከብደዋል።

አንቀጽ 51 ዳኛው ሲጠራጠር ባለሙያ እንዲያስመረምር ያዛል። በተለይ ተከሳሹ በአልኮል ወይም በዕፅ ሱስ የተጎዳ ከሆነ ምርመራው ግዴታ ነው። ፍርድ ቤቱ ለሳይንሳዊው ግኝት ይገዛል፤ ሐኪሙ በሕግ ረገድ ለሚሰጠው አስተያየት ግን አይገደድም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ሐኪሙ ሰውየውን የሚያገኘው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። በእስር ላይ ጫት የለም፤ እንቅልፉም ተመልሷል። ከፊቱ የሚቀመጠው የተረጋጋ፣ በቅጡ የሚያወራ ሰው ነው። ስለዚህ ክብደት ያለው ማስረጃ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማስረጃ ነው። ሲያዝ ምን ሲል ነበር? ሸሸ ወይስ እዚያው ቆሞ ያወራ ነበር? ቢላውን ደብቆ፣ ልብሱን አጥቦ ከተገኘ «አያውቅም ነበር» የሚለው ክርክር ይሳሳል።

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነች ወዲህ እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያዩት የክልሉ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ሕጉ ግን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አገር አቀፉ የወንጀል ሕግ ነው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉምም ያስገድዳቸዋል። ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱን ቤተሰብ ቢያስታርቅ ደም መመላለሱ ይቀራል እንጂ ክሱ አይቋረጥም።

ፍጹም ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰውም ሁልጊዜ ወደ ቤቱ አይሄድም። ለሕዝብ አደጋ ነው ከተባለ ፍርድ ቤቱ በሕክምና ተቋም ተይዞ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።