በቱሪዝም አቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ባለድርሻ መሆን ምን ማለት ነው?

«ባለድርሻ አካላት» የሚለው ሐረግ በዜናውም በስብሰባውም ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ደብዝዟል። ቃሉ ራሱ ግን ግልጽ ነው፤ ድርሻ ማለት ከአንድ ነገር ላይ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ነው፤ ባለድርሻም ይህ የሚደርሰው ሰው ነው። ስለዚህ በዘላቂ ቱሪዝም ሥራ «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፏል» ሲባል ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ከምኑ ላይ ምን ያህል ደረሰው የሚለው ነው። አዳራሽ ውሎ፣ አበል ፈርሞ መውጣት ተሳትፎ ይባል ይሆናል፤ ድርሻ ግን አይደለም።

የቱሪዝም አቅርቦት ሰንሰለት የሚባለው አንድ ጎብኚ ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ የሚጠቀምበትን ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርቡ ሰዎችና ድርጅቶች ትስስር ነው። የስሜን ተራሮችን ብንወስድ፣ አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ጉዞውን ይሸጣል፤ አውሮፕላን እንግዳውን ጎንደር ያደርሰዋል፤ መኪና ደግሞ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወስዶ ደባርቅ ያገባዋል። እዚያ የፓርኩን መግቢያ ከፍሎ ስካውት (የፓርኩ የታጠቀ ጥበቃ)፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይዞ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ይወጣል። ከእነዚህም ጀርባ ለበቅሎው ገብስ የሸጠው ገበሬ፣ ዶሮ የምታረባው እናት፣ እንጨት ለቃሚው አሉ። በወረቀት ላይ ስማቸው ባይሰፍርም ሰንሰለቱ ያለ እነሱ አይያያዝም።

ማለዳ ደባርቅ ላይ ጭነት ሲታሰር ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በመጫኛ ተጠፍሮ በቅሎው ጀርባ ላይ የሚወጣው ካርቶን ፓስታ፣ የቆርቆሮ ቲማቲም፣ ማርማላታና የታሸገ ውኃ ነው፤ አብዛኛውም ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ነው። በቅሎው ይህን ተሸክሞ የሚያልፈው በገብስና በድንች ማሳ መካከል ነው። ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ አገር ውስጥ ቢገባም አካባቢውን ነክቶ ብቻ ሾልኮ ይወጣል። የዘርፉ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚመክሩትም ይህንኑ ማፍሰሻ ስለ መድፈን ነው። ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት የሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው መስፈርትም ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች የአካባቢውን ሰው እንዲቀጥሩና ከአካባቢው አምራች እንዲገዙ ይጠይቃል።

መጠየቁ ቀላል ነው፤ ገበሬውና ሆቴሉ የማይገናኙበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን አሠራር ነው። የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ገበሬው ደረሰኝ የለውም። ሆቴሉ በወር መጨረሻ ልክፈል ይላል፤ ገበሬው ቅዳሜ ገበያ ጨው ገዝቶ ይገባል እንጂ ዱቤ የሚሸከም አቅም የለውም። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ዘወትር ተመሳሳይ መጠን ያለው ድንች ይሻል፤ ማሳው ግን የሚሰጠው በወቅቱ ነው። በሌላ በኩል ማንም ያላሰበበት ዕድል አለ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የገጠሩ ምእመን እንቁላል ስለማይበላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የውጭ አገር ጎብኚ ግን ቁርሱን እንቁላል ይጠይቃል። እንቁላሉን የሚሰበስብ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥና በዕለቱ ገንዘብ የሚከፍል አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ብቻ በመካከል ቢገባ፣ ከአሥር የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ድርሻን የማካፈያው የታወቀ ዘዴ ተራ መያዝ ነው። በቅሎ ያለው ስሙን ያስመዘግባል፤ ተራው ሲደርስ ይጫናል፤ ተራ አስከባሪውም መዝገቡን ይዞ ይቆማል። ይህ ሥራው በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳይከማች ይከላከላል፤ በአንጻሩ አስጎብኚ ድርጅቱ ጎበዙን አብሳይ መርጦ መውሰድ ስለማይችል ያጉረመርማል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። መፍትሔው ተራውን ማፍረስ ሳይሆን ተራ የሚይዘውን ሁሉ ማሠልጠን ነው።

ከተራ ከፍ ያለው ደረጃ ባለቤትነት ነው። በሰሜን ወሎ መቄት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሠራው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል፤ የሚያድረው በገደል አፋፍ ላይ በተሠሩ ጎጆዎች ሲሆን የጎጆዎቹ ባለቤት የመንደሩ ማኅበር ነው፤ የሚበላውም እዚያው የተጋገረ ዳቦና እንጀራ ነው። እዚህ ላይ ገበሬው ለሌላ ሰው ሆቴል ድንች አቅራቢ ብቻ አይደለም፤ ትርፉ ለምን እንደሚውል ከጎረቤቶቹ ጋር ይወስናል።

እንዲህ ያለው የጋራ ውሳኔ ከውጭ የመጣ ትምህርት እንዳይመስለን ጓሳ የተባለውን የመንዝ ደጋ የሣር ምድር ማስታወስ ይበቃል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት፣ ማንስ ማጨድና ማሰማራት እንደሚችል የሚወስነው ባለመብቱ ራሱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ጥበቃውን የአካባቢው ሰው በአዲስ መልክ ቀጥሎታል፤ ዛሬ ጎብኚ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደዚያ የሚሄደውም ሣሩ ስለተረፈ ነው።

የስሜን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲነሡ ተደርጓል። በፓርኩ ውስጥ ግጦሹ ቀንሷል፤ ነገር ግን ማሳውንና ከብቱን ትቶ ከተማ የገባ ገበሬ በሰንሰለቱ ውስጥ የነበረውን ቦታ ተሸክሞ አይሄድም፤ አዲስ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ድርሻ ሲባል የሚደርሰውንም ጉዳት ያካትታልና። ለገና ላሊበላ በምእመንና በጎብኚ ስትጨናነቅ እህል የሚወደድባት፣ ከቱሪዝም አምስት ሳንቲም የማታገኝ የከተማዋ ነዋሪም ባለድርሻ ናት፤ በስብሰባው ላይ ግን የምትጠራው የሆቴሎች ማኅበር ከተጠራ በኋላ ነው፤ ያውም ከተጠራች።

አስጎብኚ ድርጅቱ ከአካባቢው ሰው ጋር የሚገባው ውል የሚፈተነው ጎብኚ ሲጠፋ ነው። ወረርሽኙ መጣ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም ጎዳናውን አቀዘቀዘው። አስጎብኚ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሊጠብቅ ይችላል፤ በቅሎ ግን ሥራ ባይኖራትም ገብስ ትበላለች። ጉዞ ሲሰረዝ ከደንበኛው የሚያዘው የስረዛ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ድርጅት ሒሳብ ውስጥ ይቀራል። ተራው ደርሶ፣ በቅሎውን አስሮ ደባርቅ ለጠበቀው ሰው ከዚያ ላይ ስንት እንደሚደርሰው በውሉ ውስጥ በቁጥር ሊጻፍ ይገባል።